ለመሆኑ «ሥራ አቁሙ!» የሚለው ማነው?

«በድንገት» የምትባል ቃል አለች። እኛ ጋዜጣ ላይ የምንሞነጫጭር ሰዎች በጣም እንወዳታለን። «በግንባታ ላይ የነበረው ድልድይ በድንገት ተደርምሶ ይህን ያህል ሰው ሞተ» ብለን እንጽፍና ሻያችንን እንጠጣለን። አንባቢም «እግዜር ያመጣው ነው» ብሎ ከንፈሩን መጥጦ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ሰሞኑን ግን ተሠርተው ሳያልቁ ስለ ወደቁ ድልድዮች የተደረጉ ምርመራዎችን ሳነብ ከረምኩና ያቺን ቃል ጠላኋት። ምክንያቱም እነዚህ ድልድዮች ሳይናገሩ አልወደቁም። ብረቱ ጎብጧል፣ ኮንክሪቱ ተሰንጥቋል፣ ቡሎኑ ጮኋል። ይህንን ያየ ሰውም አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ሰው ነው፤ «በቃ! ሁላችሁም ውረዱ፣ ወሬውን በኋላ እናወራዋለን» ብሎ ለማዘዝ ሥልጣኑም ወኔውም ያለው ሰው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሰው ነው። የካናዳን፣ የአውስትራሊያንና የአሜሪካን ድልድይ ሳነሳ የሚያይ «ምነው የአገርህ ጉድ አነሰህ?» ይለኝ ይሆናል። አላነሰኝም። ነገር ግን እነዚያ አገሮች ድልድይ ሲወድቅባቸው ማን ምን እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንዳለ፣ ለማን እንደ ደወለ ሳይቀር አጣርተው ለሕዝባቸው አሳትመዋል። የነሱን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። የራሳችንን የት እናነባለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ከተማ አጠገብ ሴንት ሎውረንስ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ላይ የባቡር ድልድይ ይሠራ ነበር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። የብረቱን ሥራ የያዘው በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የነበረው የፊኒክስ ድልድይ ኩባንያ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ሆነው የሚያዙት አማካሪ መሐንዲስ ደግሞ የኒውዮርኩ ቴዎዶር ኩፐር ነበሩ። ሚስተር ኩፐር እንዲሁ ተራ መሐንዲስ አልነበሩም። በዘመኑ በአሜሪካ ምድር ስለ ድልድይ ሲወራ ስማቸው ቀድሞ ከሚጠራ ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ይህም ድልድይ የሥራ ዘመናቸው ማሳረጊያ እንዲሆንላቸው ፈልገው ነበር።

መጀመሪያ በሁለቱ ዋና ምሶሶዎች መካከል ያለው ርቀት 1,600 ጫማ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሚስተር ኩፐር 1,800 ጫማ ይሁን አሉ፤ በሜትር 549 ገደማ መሆኑ ነው። ምሶሶዎቹ ጥልቀቱ ባነሰ ውኃ ላይ እንዲቆሙ ነው የሚል ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱም ውሸት አይደለም። ይሁንና በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተው የፎርዝ ድልድይ 1,710 ጫማ ስለ ነበር፣ የኩቤኩ በዚህች ለውጥ ብቻ ገና ሳይሠራ የዓለም አንደኛ ሊሆን በቃ። አንደኛ መሆን ደስ ይላል። እኛም አገር «በአፍሪካ የመጀመሪያው» የምትለውን ነገር ማን ይጠላታል?

ክፋቱ ርዝመቱ አልነበረም። ድልድይ ሲረዝም ክብደቱ ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ኮሌጅ መግባት የሚጠይቅ ዕውቀት አይደለም። ሆኖም የክብደቱ ስሌት እንደ አዲስ አልተሠራም። ለአጭሩ በተገመተው ክብደት ረጅሙን ድልድይ ሠሩት! ስሕተቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ብረት ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ከፊሉም ወንዙ ላይ ቆሟል። ሚስተር ኩፐር ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ የተሠራውን ጥሎ እንደገና መጀመር ወይም «ብረቱ ይችለዋል» ብሎ መቀጠል። ቀጠሉ። ቀደም ሲል ደግሞ የካናዳ መንግሥት የባቡር መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች የድልድዩን ዕቅድ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ጠይቀው ነበር። ሚስተር ኩፐር «በእኔ ላይ ማን ሊሾም ነው!» በሚል ስሜት አሻፈረኝ አሉ። ተሳካላቸውም። ከሳቸው በላይ የሚያይ፣ ከሳቸው ጎን ቆሞ የሚያረጋግጥ ሰው ሳይኖር ሥራው ቀጠለ።

«ብረቱ ይችለዋል» የምትለዋ አባባል ትንሽ ማብራሪያ ትፈልጋለች። ብረትን ከሁለት ጫፍ ይዘው ቢጎትቱት ጎበዝ ነው፤ ብዙ ይችላል። ከሁለት ጫፍ ሲጫኑት ግን ጠባዩ ይለወጣል። የልጆቻችሁን የፕላስቲክ ማስመሪያ ውሰዱና በሁለት መዳፋችሁ መካከል ጫፍና ጫፉን ተጫኑት። ተሰብሮ አይወድቅም፤ ወደ ጎን ይጎብጣል። አንዴ ከጎበጠ በኋላ ደግሞ ብዙ ጉልበት አይፈጅባችሁም፤ እሱ ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄድላችኋል። የኩቤክ ድልድይ የታችኞቹ ዋና ዋና ብረቶች እንዲህ ጫፍና ጫፋቸውን የሚጫኑ ነበሩ። አንድ ወጥም አልነበሩም። ጎን ለጎን የቆሙ ረጃጅም ብረቶች በቀጫጭን ማያያዣዎች ተጠላልፈው አንድ የሆኑ ናቸው። ማያያዣዎቹ ለዚያ ጭነት የሚበቁ አልነበሩም። ከሁለቱ ዳርቻ ወደ መሐል ወንዙ እየተንጠለጠለ የሚሠራ ድልድይ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ብረት በተጨመረ ቁጥር ወደ ምሶሶው የቀረቡት ብረቶች ላይ ሸክሙ ይበረታል።

በዚያ ሥራ ላይ ኖርማን ማክሉር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ሥራው ለሚስተር ኩፐር ዓይንና ጆሮ መሆን ነው። ሽማግሌው ጤናቸው አልፈቀደላቸውምና የብረቱ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ አንድም ቀን ቦታውን አልረገጡትም። ያን ሁሉ ብረት የሚያስተዳድሩት ኒውዮርክ ቢሯቸው ተቀምጠው በደብዳቤ ነበር። ኦገስት 1907 ሲገባ ማክሉር አንዳንድ ብረቶች መጎበጣቸውን ጻፈላቸው። ሽማግሌው «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለው ጠየቁ። ኩባንያው «ድሮም ከፋብሪካ ሲወጣ ጎባጣ ነበር» አለ። ማክሉር አይደለም አለ። ደብዳቤ ሄደ፣ ደብዳቤ መጣ። ብረቱም በበኩሉ ሥራውን ቀጠለ። ኦገስት 27 ቀን ማክሉር አንዱን ብረት ሲለካው ከመሥመሩ 57 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። ያው ብረት ከሁለት ሳምንት በፊት ሲለካ 19 ሚሊ ሜትር ነበር።

ከፋብሪካ ጎባጣ ሆኖ የመጣ ብረት እንዴት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት እጥፍ ይጎብጣል? ይህችን ጥያቄ ያነሳ ሰው ቦታው ላይ ነበረ። ሰዎቹን ከድልድዩ የሚያወርድ ግን አልተገኘም። ካቦው ፈርቶ ሥራ ላቁም ካለ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። የድልድዩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ዋና መሐንዲስ እዚያው ነበር፤ ሥልጣንም ነበረው። ነገር ግን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትልቅ ድልድይ ሠርቶ አያውቅምና ከኩፐር ቃል ቀድሞ መናገር ከበደው። ሥልጣን ያለው ድፍረት የለው፣ የሚያይ ዓይን ያለው ሥልጣን የለው። ስለዚህ ምን ተደረገ? ማክሉር «ሄጄ ሽማግሌውን ላማክር» ብሎ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ሥራው አልቆመም።

ኦገስት 29 ቀን ከቀትር በፊት ከሚስተር ኩፐር ቢሮ ደረሰ። ሰውየው ነገሩን እንደ ሰሙ ደነገጡ፤ እውነት ለመናገር ወዲያውኑ ገባቸው። ድልድዩ ላይ ምንም ተጨማሪ ሸክም እንዳይጫን የሚያዝዝ ቴሌግራም ጻፉ። ቴሌግራሙን የላኩት ግን ሰው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ወደሚሠራበት ኩቤክ አይደለም፤ ፔንሲልቫኒያ ወደሚገኘው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ማክሉርም ለኩቤክ በቀጥታ ሳያስታውቅ ወደ ፔንሲልቫኒያ ባቡሩን ተሳፈረ። ቴሌግራሙ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደረሰ። የኩባንያው ሰዎች «ማክሉር ይምጣና እንነጋገር» አሉ። መጣ። ተነጋገሩ። ለማንኛውም ነገ ጠዋት ይወሰናል ብለው ተለያዩ።

በዚያው ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ላይ፣ ሠራተኛው ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ያ የጎበጠ ብረት ሸክሙን ለቀቀ። ወደ 19 ሺህ ቶን የሚጠጋ ብረት በ15 ሴኮንድ ውስጥ ወንዙ ላይ ተኛ። ድልድዩ ላይ 86 ሰዎች ነበሩ። 75ቱ ሞቱ።

ከሟቾቹ ውስጥ 33ቱ ካናዋኬ ከሚባል አንድ መንደር የመጡ የሞሐውክ ጎሣ ተወላጆች ናቸው። ከፍታ የማይፈሩ ብረት ገጣጣሚዎች ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ አንድ መንደር፣ አንድ ምሽት፣ 33 ሬሳ። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሴቶች «ወንዶቻችሁን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ አታሰማሩ፤ ተበታተኑና ሥሩ» ብለው አስገደዱ ይባላል። እንግዲህ መሐንዲሶቹ ሳይሆኑ እነዚያ ሴቶች ናቸው የመጀመሪያውን የጥንቃቄ ደንብ ያወጡት። ደንቡም እስከ ዛሬ ያስለቅሰኛል፤ ምክንያቱም ድልድዩ እንደማይወድቅ ማንንም አላመኑም ማለት ነው።

የካናዳ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቁሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ውጤቱን አሳተመ። ዋናውን ጥፋት የጣለው በሚስተር ኩፐርና የኩባንያውን ዲዛይን በሠሩት መሐንዲስ የፍርድ ስሕተት ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ኮሚሽኑ ሌብነት ነው አላለም፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ነው አላለም፤ ሥራ መበደል ነው እንኳ አላለም። ይህ ነው እኔን ያስፈራኝ። ሌባ ቢሆኑ «ሌባ ናቸው» ብለን እንገላገል ነበር። ሰዎቹ ግን የተማሩ፣ የተከበሩ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ያጠፋቸው ክብራቸው ነው፤ የሳቸውን ሥራ ሌላ ሰው እንዲያየው አለመፍቀድ። ድልድዩ እንደገና ከበፊቱ እጅግ በከበደ ብረት ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1916 የመሐሉ ክፍል ወደ ላይ ሲነሳ ሌላ ብልሽት ገጥሞት ወደቀና 13 ሰዎች ጨመረ። በመጨረሻ በ1917 ተጠናቀቀ። ዛሬም ባቡር ያልፍበታል፤ በዓይነቱም እስከ አሁን የዓለም ረጅሙ ነው። አንደኝነቱ ተገኘ፤ 88 ሰው ከፈለበት።

«እሱማ የቴሌግራም ዘመን ነው፤ እንደ ልብ የሚደወል ስልክ ቢኖር ይተርፉ ነበር» የሚል አይጠፋም። መልካም። ስልክ እንደ ልብ የሚደወልበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ።

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. 1970። ያራ በሚባል ወንዝ ላይ ዌስት ጌት የሚባል ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ ከስስ የብረት ሉሖች የተገጣጠመ ረጅም ሣጥን ነው በሉት። ሣጥኑ በርዝመቱ ለሁለት ተከፍሎ መሬት ላይ ይሠራና፣ ሁለቱ ግማሾች ለየብቻ ወደ ላይ ወጥተው አየር ላይ ጎን ለጎን ይገጠማሉ። በአንደኛው ክፍል ላይ ግን ግማሾቹ እኩል አልመጡም። አንዱ ከሌላው በ114 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ምን ይሻላል? አውርዶ ማስተካከል ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 8 ቶን የሚመዝኑ 10 የኮንክሪት ብሎኮች ከፍ ባለው ላይ ተጫኑና በክብደት ዝቅ እንዲል ተደረገ። ጋሪ ሲንጋደድ ተሳፋሪ እንደ መጨመር ማለት ነው! ብረቱ ዝቅ አለ፤ ግን አበጠ። ቅድም ያልኳችሁ ማስመሪያ እዚህም መጣ።

ይህ ከመሆኑ በፊት፣ በዚያው ዓመት ጁን 2 ቀን፣ በብሪታንያ በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን የሚባል ቦታ ተመሳሳይ የሣጥን ድልድይ እየተሠራ ሳለ ወድቆ 4 ሰዎች ሞተው ነበር። የሁለቱም ድልድዮች ዲዛይን ፍሪማን ፎክስ የተባለው የለንደን ድርጅት ነው። የሜልቦርን ሠራተኞች ይህን ሰምተው ተጨነቁ፤ ጠየቁ። የእናንተ ድልድይ ስጋት የለበትም ተብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የቀን ሠራተኛ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ በየትኛውም አገር አንድ ነው መሰለኝ።

ኦክቶበር 15 ቀን ጠዋት ያበጠውን ብረት ለማስተካከል ሁለቱን ሉሖች ያያያዙትን ቡሎኖች መፍታት ጀመሩ። የተፈቱ ቡሎኖች በበዙ ቁጥር እብጠቱ እየሰፋ ሄደ። አንዳንድ ቡሎኖች በጭነቱ ብዛት ቀለማቸው ወደ ሰማያዊ መለወጡን የተረፉት ሠራተኞች ተናግረዋል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ተጠርቶ ወደ ላይ ወጣ፤ አየ፤ ፈራ። ስልክ አንሥቶ ለአንድ ባልደረባው ደወለና ሰዎቹን ላውርዳቸው ወይ ሲል አማከረ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ50 ላይ፣ 112 ሜትር ርዝመት ያለውና 2,000 ቶን የሚመዝነው ክፍል ወደቀ። ከሥሩ የሠራተኞች ጎጆዎች ነበሩ፤ ምሣ ሊበሉ የገቡ ሰዎችም ነበሩባቸው። 35 ሰዎች ሞቱ። ያ የደወለው መሐንዲስም አንዱ ነው።

እኔ በዚህ ሰው ላይ መፍረድ አልችልም። ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ቦታው ላይ ነበረ፤ ከሰዎቹ ጋር ሞተ። ግን ጥያቄው ራሱ እኮ ያናድዳል። «ላውርዳቸው ወይ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የጠየቀው መልሱን ስላላወቀ ሳይሆን ለብቻው መወሰን ስለ ከበደው ነው። ለምን ከበደው? ሥራ ማስቆም ማብራሪያ ስለሚጠየቅበት፤ ሥራ ማስቀጠል ግን ማብራሪያ ስለማይጠየቅበት ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው።

እሺ፣ ስልኩም አላዳነም። የሞባይል ዘመንስ? ማያሚ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2018። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሰፊ አውራ ጎዳና ላይ የእግረኞች መሻገሪያ ድልድይ ይሠራል። 950 ቶን የሚመዝነው ዋናው ክፍል መንገድ ዳር ተሠርቶ ማርች 10 ቀን በአንድ ጠዋት ተነሥቶ ተቀመጠ። ካሜራ ተነሳ፤ ተጨበጨበ። በአንደኛው ጫፍ ላይ ግን ስንጥቅ ነበር፤ ከተቀመጠ በኋላም እየሰፋ ሄደ። በኋላ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳጣራው፣ ስንጥቁ በተለምዶ ከሚታለፈው 40 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሠራተኞቹ ስንጥቁን በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ማርች 13 ቀን ከዲዛይኑ ድርጅት አንድ መሐንዲስ ለክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሰው ደውሎ ስላልተገኘ የድምፅ መልእክት ተወለት፦ ስንጥቅ አለ፣ መጠገን ያስፈልገዋል፣ ነገር ግን የደኅንነት ስጋት አይታየንም የሚል። ተቀባዩ ለሥራ ወጣ ብሎ ነበር።

ማርች 15 ቀን ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ተቀመጡ። ከሁለት ሰዓት ያህል ውይይት በኋላ አሁንም ስጋት የለም ተባለ። መንገዱ አልተዘጋም። ከቀኑ 7 ሰዓት ከ47 ላይ፣ ሠራተኞች ከላይ ሆነው በኮንክሪቱ ውስጥ ያለፈውን ብረት እየወጠሩ ሳለ ድልድዩ ከሥሩ ቀይ መብራት ይዟቸው በቆሙ መኪናዎች ላይ ወደቀ። 6 ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ መኪና ውስጥ የነበሩ መንገደኞች፣ አንዱ ሠራተኛ። ያ የድምፅ መልእክት የተሰማው በማግስቱ፣ ማርች 16 ቀን ነው።

ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ውጤት የስሌት ስሕተት አገኘ፤ ዲዛይኑን እንዲያረጋግጥ የተቀጠረው ሌላ ድርጅትም ሥራውን በቅጡ እንዳልሠራ አስታወቀ። ኩቤክ ላይ የሚያረጋግጥ አልነበረም፤ ማያሚ ላይ የሚያረጋግጥ ነበር፣ ግን ለስሙ። ከ1907 እስከ 2018 ዓለም ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል። ቴሌግራሙ የድምፅ መልእክት ሆነ እንጂ የተላከበት ቦታና የደረሰበት ሰዓት ያው ነው።

መሐንዲሶች ወዳጆቼ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኛል። ያለቀ ድልድይና የሚሠራ ድልድይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያለቀው ራሱን ችሎ እንዲቆም ነው የታሰበው። የሚሠራው ግን በየቀኑ ሌላ ነው፤ ዛሬ ግማሽ ነው፣ ነገ ተንጠልጥሏል፣ ከነገ ወዲያ በእንጨትና በብረት ድጋፍ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተሳለው ያለቀው ብቻ ነው፤ የመካከሉን ማን አሰበው? እ.ኤ.አ. በ1958 ካናዳ ቫንኩቨር ላይ የተሠራ ድልድይ ሲወድቅ በስሌት የተሳሳተው ድልድዩ አልነበረም፤ ለጊዜው ይደግፈው የነበረው ማቆሚያ ነው። እኛም አገር «ጊዜያዊ ነው» የሚባል ነገር አለ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ያየነው መከራ፣ ቢያንስ 36 ምእመናን ያለቁበት፣ በግንባታ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ የእንጨት መወጣጫ ነበር። ለጊዜው የቆመ ነገር ነው። ሞቱ ግን ለጊዜው አይደለም።

ይህን ስጽፍ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የቀን ሥራ ሠርቻለሁ። አርማታ የሚፈስበትን ጣውላ የደገፉት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ርዝመት ስላነሳቸው ከሥራቸው የብሎኬት ስባሪ ተወትፏል። አብሮኝ ባሬላ የሚሸከም አንድ የገጠር ልጅ አንዱ ቋሚ መዝመሙን አይቶ ለካቦው ነገረው። ካቦው ከታች እስከ ላይ አየውና «ኢንጂነር ሆንክ?» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስንመጣ አርማታው እንደ አሮጌ አልጋ መሐሉ ረግቧል። ሌሊት ስለ ሆነ ማንም አልሞተም። የፈሰሰውን በመዶሻ ስንሰብር ሳምንት ፈጀን። ያ ልጅ ግን በማግስቱ አልመጣም፤ ተባሮ ይሁን ተቀይሞ ይሁን የጠየቀለት የለም።

«ባሬላ ተሸካሚው ሁሉ ‹ቁም› ካለ ሥራ መች ያልቃል?» የሚል ክርክር አውቃለሁ። ባለ ሀብቱም፣ ኮንትራክተሩም፣ ሪባን ለመቁረጥ ቀን የቆጠረው ባለ ሥልጣንም ይህንኑ ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ በሰበብ አስባቡ የሚቆም ሥራ ይኖራል፣ ክሬን በቀን ኪራዩ ቀላል አይደለም። ግን ሂሳቡን እንሥራው። ኩቤክ ላይ የተፈለገው አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሜልቦርን ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማያሚ ላይ መንገዱ ላይ ሁለት የፖሊስ መኪና ማቆም ብቻ ነበር። የኩቤክ ድልድይ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ምናልባት ከመውደቅ አይተርፍም ነበር፤ ብረቱ ከጥንቱ የተበላሸ ነው። 75ቱ ሰዎች ግን ራታቸውን ቤታቸው ይበሉ ነበር። ድልድይ ማዳንና ሰው ማዳን ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሊቅ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አይፈልግም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ውል ሲፈረም ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ስሙ ይጻፍ፤ ያም ሰው ቢሮ የሚውል ሳይሆን ከብረቱ ጋር የሚውል ይሁን። አንድ ልኬት ከትናንት ዛሬ ከተለወጠ በመጀመሪያ ሰው ይውረድ፣ ከዚያ ደብዳቤው ይጻፍ። ባስቆመውም ሰው ላይ፣ በኋላ ስጋቱ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ቅጣት እንዳይደርስ። ዲዛይኑን የሚያረጋግጠው ባለሙያም የዲዛይነሩ ወዳጅ ወይም ጥገኛ አይሁን። ይህን የምለው ስለ ፈረንጅ አገር ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ አለቃን «ተሳስተዋል» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ ስንጥቅ ያሳየ ሰው «አሟራች» ይባላል። በጋዜጣ ሥራ ያለን ሰዎች ይቺን ስም በደንብ እናውቃታለን።

በሜልቦርን ከወደቀው ድልድይ የተረፉ የተጣመሙ ብረቶች ሞናሽ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች በሚያልፉበት ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ ያያቸዋል፣ ሲወጣ ያያቸዋል። እኛ ሕንፃ ሲደረመስብን ፍርስራሹ በሎደር ተጠርጎ ቦታው በቆርቆሮ ይታጠራል፤ «አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል» ይባላል። ኮሚቴው ምን እንዳገኘ፣ ቋሚው የዘመመው መቼ እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተነገረ፣ ማን «ኢንጂነር ሆንክ?» ብሎ እንደ መለሰ ታትሞ እኔ ገዝቼ ያነበብኩት ነገር የለም። ይታተምና ከጋዜጣ አዟሪዎቹ እጅ ይግባ። ዋጋው ምንም ቢሆን የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።